ለጎብኚ ደኅንነት ሲባል ስለተቆረጠው የወፏ ዛፍ

ለክቡር የደን ጉብኝት ፈንድ ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ፣
ከምስማር መሸጫው በላይ፣ መጋረጃው በማይገለጠው ክፍል፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ከወገብ ብቻ ሳይሆን ከጉልበትም ጭምር የታጠፈ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ያምዎት እንደነበር ከዘበኛዎ ሰምተን ሰፈሩ ሁሉ ተጨንቆ ነበር፤ በኋላ በፈንዱ የመጀመሪያ ዙር ገንዘብ የተገዛው ተሽከርካሪ ወንበር እንደተስማማዎት ስንሰማ ግን እፎይ አልን። ደን ሊያድን የመጣ ገንዘብ ቢያንስ አንድ ወገብ ማዳኑ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆችዎ፣ መኪናዎ፣ የመኪናዎ ጎማዎችም ሁሉ በደኅና ይቆዩልን። እኛን ከጠየቁን፣ ባይጠይቁንም ግድ የለም፣ አለን፤ መኖር ከተባለ።

ስሜን መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ያውቁኛል። ከገበያው መግቢያ ላይ ታፔላ የምጽፈው፣ ትምህርትን ስምንተኛ ክፍል ላይ የተሰናበትኩት (እሱ ነው የተሰናበተኝ የሚሉም አሉ)፣ ሰፈሩ "ቀባጣሪው" የሚለኝ ልጅ ነኝ። ፊደል ብስት ይለፉኝ፤ እርስዎ ዛፍ ስተው አልፈንዎታል። ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግኩትም ክብርዎን ልነካ ብዬ ሳይሆን ሥራ ላለማብዛት ነው። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚገባ ወረቀት ማኅተም ሲፈልግ፣ ፋይል ሲፈልግ፣ ቀጠሮ ሲፈልግ ያደክምዎታል፤ ይህኛው ግን በምስማር መሸጫው በር ላይ ስለተለጠፈ ሲገቡም ሲወጡም ያለ ምንም ድካም ሊያነቡት ይችላሉ። ደብዳቤው ቅሬታ ቢመስልም ውስጡ ምስጋና ነው፤ በደንብ ከፈለጉት ያገኙታል።

አንደኛ፣ ስለ ተስፋው አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብስበውን፣ ማይክሮፎኑን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርገው፣ "ይህ ደን ቆሞ ያበላችኋል" ያሉትን ዛሬም ድረስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ባሕር ማዶ ያሉ ለጋሾች ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ጽሕፈት ቤቱ የእግር መንገድና ማረፊያ ይሠራል፣ ጎብኚው መጥቶ ዛፍና ወፍ አይቶ ይከፍላል፣ ከሚከፍለውም ሩቡ ለክሊኒኩና ለትምህርት ቤቱ ይሆናል፤ እኛ ደግሞ በምላሹ መጋዛችንን እንሰቅላለን። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው እናቴ እጇን አውጥታ "ጌታዬ፣ ጎብኚው እስኪመጣ ምን እንብላ?" ብላ ብትጠይቅ "ትዕግሥት" ብለው መለሱላት። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱኑ በላን። ጨው ይጎድለዋል እንጂ አይከፋም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ የእኛይቱ ላም ጽሕፈት ቤትና ደረሰኝ ያላት መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አጎቴ ግን አመነዎት። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሃያ ዓመት ጣውላ ሲሰነጥቅ የኖረ ሰው፣ በዚያው ሳምንት መጋዙን ሸጦ እርስዎ የሰጡትን የደን ጠባቂ ኮት ለበሰ። የኮቱ እጅጌ ክርኑ ጋ ያልቃል። "አጎቴ፣ ይሄ ኮት የታናሽህ ነው እንዴ?" ብዬ ሳሾፍበት "ዝም በል፣ ማኅተም አለበት" ብሎ ደረቱን አሳየኝ። የእኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ነው፤ ማኅተም ካለበት ብርድ አይሰማውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ወፏ። ይህችን ወፍ እርስዎ በደብዳቤዎ ራስጌ ላይ በቀለም ስለሚያውቋት፣ በሥጋ የምታውቃትን ሰፈር ወክዬ ጥቂት ላስተዋውቅዎ። እኛ "ባለቆቧ" እንላታለን፤ ትልቅ ምንቃር አላት፣ ከምንቃሯም በላይ ቆብ የመሰለ ነገር ደፍታለች። እንቁላል ልትጥል ስትል ውስጡ የተቦረቦረ ትልቅ ዛፍ ፈልጋ ትገባና በሩን ከውስጥ በጭቃ ትመርገዋለች። የሚቀረው ጣት የምታሾልክ ስንጥቅ ነች። ከዚያ ላባዋን ታራግፋለች፤ መብረር አትችልም። ባሏ ከጠዋት እስከ ማታ ሾላ እየለቀመ በዚያች ስንጥቅ ያጎርሳታል። ለወራት። እናቴ ይህን ስትሰማ "እንዲህ ያለ ባል ላባ አራግፎ ለመቀመጥም ያደፋፍራል" ብላ ሳቀች።

አጎቴ ጎጆዋን ያገኘው ከመንደሩ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ፣ ጫፉ ደርቆ መሐሉ በቆመ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ላይ ነበር። እሱ መጻፍ ስለማይችል ሪፖርቱን የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ ከታፔላ ውጭ የጻፍኩት የመጀመሪያው ቁም ነገር ነበር። ዛፉ የት እንዳለ፣ ከየትኛው ድንጋይ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ ሁሉንም። እርስዎም ተቀብለው ደስ ብሎዎት ለለጋሾቹ ጻፉ፤ ለጋሾቹም መለሱ። መልሱን በስብሰባ ላይ ስላነበቡልን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ በወሩ መጨረሻ ሁለት ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ ወፏንና ባሏን ጎጆ ላይ በዓይናቸው ካዩ የአሥር ዓመቱን ገንዘብ ይፈርማሉ፣ አሥር ዓመት ሙሉም ወደ ደኑ መጋዝ አይገባም። ካላዩ ፈንዱ ይዘጋል፣ ደኑም ማመልከቻ አስገብቶ ለሚጠብቀው የጣውላ ማኅበር ይሰጣል። እንግዲህ የአሥር ዓመት ደን፣ የክሊኒኩ ጣሪያና የአጎቴ ኮት ሁሉም በጭቃ በተመረገች አንዲት ወፍ ላይ ተንጠለጠሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጽዳቱ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ሰጥቼ እኛን ነጻ ባወጣ ውለታ መብላት ይሆንብኛል። "እንግዳ ስለሚመጣ የደኑ ጽዳት ይጠበቅ" የሚለው ሰርኩላር ሲወጣ እኛም ብንሆን በደስታ ነው የተቀበልነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ ይህን ማን ያስተምረናል? ሰፈሩ ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ወጣ። አሥራ አንድ ቀን ደን ጠረግን። የረገፈውን ቅጠል ሰብስበን አቃጠልን፣ ሐረጉን ቆራርጠን ጣልን፣ ከግንዱ ላይ የዛፍ ሽበቱን ፋቅን፣ ከመንገዱ ዳርና ዳር ያሉትን ድንጋዮች ኖራ ቀባን። ኖራው ሲተርፍ የዛፎቹን እግር ነጭ ካልሲ አለበስናቸው። እናቴ ብቻ ወገቧን ይዛ ቆማ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ቅጠሉን ጠርጋችሁ ዛፉ ምን ይብላ?" ብትል ሁላችንም አሾፍንባት። ሥራው ሲያልቅ ደኑ የጽዋ ማኅበር እንደተጠራበት ሳሎን ሆነ። ሶፋው ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱንም እርስዎ አሰቡበት፣ አግዳሚ ወንበር አሠሩ።

ቀድሞ የነበረው መንገድ ጭቃ ስለነበረውም፣ በሚያብረቀርቀው ጫማዎ እስከ ግማሽ ድረስ መጥተው፣ መንገዱ ዞሮ ከጎጆው ዛፍ ሥር እንዲያልፍ አዘዙ። እንግዶቹ እንዳይደክሙ። የእንግዳ አክባሪነትዎ ወሰን የለውም።

አራተኛ፣ ስለ ሁለቱ መደርደሪያዎች። የጽሕፈት ቤትዎ አሠራር ለትውልድ ትምህርት እንዲሆን በዝርዝር ልጽፈው እወዳለሁ። በክፍልዎ ውስጥ ሁለት መደርደሪያ አለ፤ በግራ "አዕዋፍ"፣ በቀኝ "ዛፎች" ይላል። ጽሑፉ የእጄ ሥራ ስለሆነ ቆንጆ ነው። የአጎቴ ሪፖርት ስለ ወፍ ስለሆነ በግራ በኩል ተቀመጠ። "ለጎብኚ ደኅንነት ሲባል ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ድረስ ያሉ የደረቁ፣ ያዘመሙና ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ዛፎች ይወገዱ" የሚለው መመሪያና የዛፎቹ ዝርዝር ደግሞ ስለ ዛፍ ስለሆነ በቀኝ በኩል ተቀመጠ። በሁለቱ መሐል ያለው ርቀት የአንድ ወንበር መዞር ብቻ ነው። ያውም የሚሽከረከር ወንበር! ግን ማን ይዙር?

አጎቴ ቢኖር ኖሮ ዛፉ ሥር ተኝቶ "መጀመሪያ እኔን" ይል ነበር። አልነበረም። እርስዎ ራስዎ ወደ ከተማ ልከውት ነበር፤ ለሦስት ቀን ሥልጠና። የሥልጠናው ርእስ "የአዕዋፍ ጎጆ አጠባበቅ" ነው። ሰርተፊኬት ተሰጥቶታል፤ እናቴ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ብትል "ገልብጠሽ ስቀይው" አላት።

አምስተኛ። ይህኛው በራሴ ላይ ነው።

ዛፉ የተቆረጠ ቀን እዚያ ነበርኩ። "ዝምታ ይከበር" የሚል ታፔላ እየተከልኩ። የቆራጮቹ አለቃ ጎረቤታችን ነው፤ ሥራ ስለሚያጣድፍ ቶሎቶሎ ነው የምንለው። መጋዙ ከሽማግሌው ዛፍ ሥር ሲቀመጥ አይቼ ብሩሼን ጥዬ ሮጥኩ። "ጋሼ ቶሎቶሎ፣ ወፏ ውስጥ አለች! አትቁረጡት!" አልኩ። ሳቁ። አንዱ "ትናንት ደግሞ እባብ አለ ብለኸን ነበር" አለኝ። ብያለሁ። ትናንት "እባብ!" ብዬ ስድስት ጎልማሳ አግዳሚው ወንበር ላይ አስወጥቼ፣ ጋሼ ቶሎቶሎን ጫማውን አስጥዬው፣ ሆዴን ይዤ ስስቅ ነበር። ከትናንት ወዲያም ሌላ ብያለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ በዚህ ሰፈር ውስጥ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ የተናገርኩ ቀን ማን ይመነኝ?

ጋሼ ቶሎቶሎ ግን ደግ ሰው ስለሆነ ዓይኔን አይቶ ትንሽ አመነታና ለእርስዎ ደወለ። ድምፅ ማጉያ ላይ ስላደረገው ሁላችንም ሰማን። "ዝርዝሩ ላይ ጎጆ አለ ይላል?" አሉ። "አይ፣ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ይሄ ቀባጣሪው ነው እንጂ..." አለ። "እንግዲያው ምን ያስደውልሃል? መመሪያው መመሪያ ነው" ብለው ዘጉት። ጋሼ ቶሎቶሎም ወደ እኔ ዞሮ "ሰምተሃል፣ ልጄ" አለኝ። ሰምቻለሁ።

ሲወድቅ መሬቱ ሁለት ጊዜ ነው የተንቀጠቀጠው። ግንዱ ተሰንጥቆ፣ ጭቃው ተፈርክሶ፣ እሷ ከውስጥ ወጣች። ላባ የላትም። አንድ ጫጩት ነበራት፤ እሱ አልወጣም። ካሳለፍኩት ዕድሜ ሁሉ ያን ቀን ብቻ ነው ማንም ከእኔ ቀልድ ያልጠበቀው። በኮቴ ጠቅልዬ ወስጄ በካርቶን አድርጌ ከእናቴ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ሾላ ሰጠናት፣ አልቀመሰችም። ሁለት ቀን ኖረች። አጎቴ ከሥልጠና የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የወፍ ባል ደግሞ ከመመሪያ አያስጥልም።

ስድስተኛውን ቅሬታ እናቴ አንብቤላት "ወንበር ላይ ላለ ሰው እንዲህ አይጻፍም፣ ልጄ፣ እኔን ይድፋኝ!" ብላ ከደብዳቤው ስላስወጣችኝ በቀጥታ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ስድስተኛው እንዳለ ግን ይወቁት።

ሰባተኛ፣ ስለ እንግዶቹ አቀባበል። ወፏ እንደሞተች ለለጋሾቹ መንገር ሲቻል፣ የማይሆን ነገር ማሰብ የሚችል ጭንቅላት ያለዎት በመሆኑ እኔን አስጠሩኝ። "አንተ ሁሉን ታስመስላለህ አሉ፤ ከቁጥቋጦው ኋላ ሆነህ እንደ ወፏ ጩኽ፤ ድምፅዋን ከሰሙ ይበቃል" አሉኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔም ስለ አጎቴ ብዬ፣ ለአሥር ዓመት ደን እንኳን እንደ ወፍ እንደ አህያም እጮሃለሁ ብዬ ገባሁ።

እንግዶቹ መጡ፤ አንድ ረጅም ሰውዬና አንዲት ማስታወሻ ደብተር የያዙ ሽበታም ሴትዮ። ካልሲ የለበሱትን ዛፎች አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ጮኽኩ። ማስመሰል እችልበታለሁ፤ ይህን ማንም አይክደኝም። ሁለተኛውን ስጮህ ከማዶ ተመለሰልኝ።

ባሏ ነበር። ዛፉ ከተቆረጠ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ አየር ላይ፣ ጎጆው ይኖርበት በነበረው ቦታ፣ ሲዞር አጎቴ አይቶታል። ድምፄን ሰምቶ በክንፉ ደኑን እያንጓጓ መጣና ከራሴ በላይ ባለው ቅርንጫፍ አረፈ። በምንቃሩ ሾላ ይዟል። አንገቱን አጋድሎ ወደ እኔ አየ፤ ወደ ሌላ ወገን አጋደለና እንደገና አየ። ከዚያ ወደ ታች ወደ አፌ አጎነበሰ። ክቡር ሆይ፣ ብዙ ሰው አታልዬ በልቻለሁ፤ ሾላ ሊያጎርሰኝ የመጣ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ሴትዮዋ በደስታ እጃቸውን አጣመሩ። በአስተርጓሚው በኩል "ጎጆው የት ነው?" ብለው ጠየቁ። እርስዎ መልስ ሲያፈላልጉ፣ እኔው የጻፍኩትን "ወደ ወፏ ጎጆ" የሚል ታፔላ አዩና ቀስቱን ተከትለው ሄዱ። ቀስቱ ትክክል ነው፤ ሥራዬን እሠራለሁ። ጉቶው ጋ አደረሳቸው። ግንዱ ገና አልተነሳም ነበር። ተንበርክከው የደረቀውን ጭቃ በጣታቸው ነኩ፣ ስንጥቋ ውስጥም ጣታቸውን አስገቡ። ከዚያ "ይህን ማን ቆረጠው? ለምን?" አሉ። እርስዎም በሙሉ ድምፅ "ለእናንተ ደኅንነት ሲባል" ብለው መለሱ። አስተርጓሚው እርስዎን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ጉቶውን አየ። ለመተርጎም ያን ያህል የቸገረው ሰው አይቼ አላውቅም።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። ለጋሾቹ ፈንዱን ዘግተዋል፤ ደኑም ለጣውላ ማኅበሩ ተሰጥቷል። ይህ እንዲቀየር አልለምንዎትም፤ በእርስዎም በእኔም እጅ አይደለም። የሚያሳዝነኝ ለበላይዎ የላኩት ሪፖርት ነው። "ጠባቂው ጎጆው ያለበትን ዛፍ በወቅቱ ባለማሳወቁ" ብለዋል። አጎቴም በዚህ ምክንያት ተሰናብቷል፤ ኮቱንም መልሷል። የአጎቴ ሪፖርት ቅጂ ግን በእኔ እጅ አለ፤ የገባበት ቀንና የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም አለበት፤ ዋናውም ከጀርባዎ፣ በግራ በኩል ተቀምጧል። ከክብርዎ የምጠይቀው አንድ መስመር ነው፦ "ጠባቂው አሳውቆ ነበር።" ሦስት ቃል። ወረቀቱን እኔ ገዝቼ አመጣለሁ፤ ከፈለጉም በሚያምር ፊደል እኔው ልጽፈውና እርስዎ ማኅተሙን ብቻ ያሳርፉ።

ይህን እንደምጠይቅ ለአጎቴ ስነግረው ምን እንዳለኝ ልንገርዎ? "ተወው፣ ልጄ። ከእንግዲህ ስሜ ቢጸዳ ምን ልጠብቅበት ነው?" አለኝ። የሚያውቁት ሰው ነው፤ አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከደጃፉ ሞፈር ይቆረጥበታል።

እንግዲህ በዚሁ ላብቃ። ስላስተማሩን ትዕግሥት፣ ስለ ኖራው፣ ስለ አግዳሚው ወንበር (ዛሬ ፍየሎች ይቀመጡበታል)፣ ለአጎቴም ስለሰጡት ሰርተፊኬት ከልብ አመሰግናለሁ። ወደ ሌላ ደን ተዛውረው ሊሾሙ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ለዚያ ደን ከወዲሁ እግዜር ያጽናው እላለሁ።

ወንበርዎ ሳይዞር፣ መጋረጃዎ ሳይገለጥ፣ በሰላም ያቆይዎ ዘንድ የሚመኝልዎ፣
የመደርደሪያዎችዎ ጸሐፊ፣ የአንድ ቀን ወፍዎ፣ ታዛዥዎ
ቀባጣሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፈው የጣውላ ማኅበሩ ሰዎች ገቡ። ዛፍ የሚለይላቸው ሰው ሲያጠያይቁ አጎቴን አገኙት፤ እናቴም የምታበስለው ስላልነበራት "ሂድ" አለችው፤ ሄደ። ሥራው ግንዱን በመዳፉ መታ አድርጎ በድምፁ ሙሉውን ከባዶው መለየት ነው። ሙሉ ነው ካለ ይቆርጡታል። ትናንት አብሬው ሄጄ ነበር። ጫፉ የደረቀ አንድ ትልቅ ዛፍ ጋ ስንደርስ መታ አደረገው፣ ጆሮውን አስጠጋና "ባዶ ነው" አለ። የማኅበሩ አለቃ ቀና ብሎ እንኳን አላየውም፤ "ባዶ ምን ያደርግልናል? ይቁም" ብሎ አለፈ። አጎቴ ግን እጁን ከግንዱ ላይ ሳያነሳ ቆሞ ቀረ። እኔም እዚያው ገባኝ፦ ደኑን ሊቆርጡ የመጡት ሰዎች ደኑን ሊጠብቁ ከመጡት ከእርስዎ ቀድመው ቢደርሱ ኖሮ፣ የወፏ ዛፍ ዛሬም ቆሞ ነበር።